ለቲማቲም የተነደፉ ሁለት ማዕድ ቤቶች

ስለ ደርግ ዘመን ትዝታውን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ወይ ታስሯል፣ ወይ ተሰዷል፣ ወይ ደግሞ ቢሮው ተቀምጦ በልቡ ሲቃወም ኖሯል። ይህን ያህል ተቃዋሚ ከነበረ በየስብሰባው ሲያጨበጭብ የነበረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ አጨብጭቤያለሁ፤ ከጎኔ ካለው ሰው ሳላንስም ሳልበልጥም። ከጭብጨባ በተረፈኝ ጊዜ ደሴ ላይ አንድ ምግብ ቤት ነደፍኩ። የምጽፈው ስለዚያ ምግብ ቤት ነው። ስለ ሽንፈታቸው የሚጽፉ ሰዎች ሞልተውናል። እኔ በሕይወቴ በደንብ ያሸነፍኩት አንዴ ስለሆነ፣ ሳልረሳው ልናገረው።

በአንድ የመንግሥት ቢሮ ነዳፊ ነበርኩ። ሥራዬ በአብዛኛው የቀበሌ አዳራሽና መጸዳጃ ቤት መሳል ነበር፤ ሁለቱን ከስፋታቸው በቀር መለየት እያደር ይቸግረኝ ጀምሮ ነበር። ያኔ ከሆጤ ሰፈር ወደ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ተዳፋቱን ወደ ከተማው በሚዘረጋበት በኩል፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የመስታወት ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ግሪንሃውስ የሚሏቸው ናቸው። የሠራቸው ሀብታም ንብረቱን ተወርሶ ሲሄድ መስታወቶቹና አትክልተኛው ለመንግሥት ቀሩ። አትክልተኛውን አገሩ ሁሉ «ሸሁ» ይላቸዋል። በነጭ ጢማቸውና ትምህርት በሚመስለው ዝምታቸው የተነሳ ነው እንጂ ከቲማቲም ሌላ ያስተማሩት ደረሳ አልነበራቸውም። ከእነዚያ ሁለት ቤቶች የሚወጣውን የጎመን፣ የቆስጣና የቲማቲም ችግኝ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ይወስዳል፤ ገበሬው ደግሞ ከተማውን ያበላል።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ትእዛዝ መጣ። የመስታወት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ሊቀመንበር ብረቱና መስታወቱ ተፈቶ ወደ ኮምቦልቻ እንዲወርድና ለሠራተኞች መዝናኛ አዳራሽ እንዲውል ይፈልጋሉ። ሊቀመንበሩ የሚኖሩት ሞቃቱ ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ሲመጡ በመስከረምም ካፖርት ይዘው ነው።

«ኮምቦልቻ ምን ያደርግላቸዋል መስታወቱ?» አልኳቸው ሸሁን።

«ለግመል ካፖርት መስፋት አምሯቸው ይሆናላ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔንም ወደ መንግሥት እርሻ ሊልኩኝ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ አፈር ላይ ተንበርክኬያለሁ፤ አሁን ሂድና ትራክተር ቁጠር ሊሉኝ።»

በዚያው ወር የእኛ ቢሮ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ደረሰው፤ ደሴ ለእንግዳ የሚበቃ ምግብ ቤት ያስፈልጋታል። ከክፉው ድርቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ዓለም ወሎን ያወቃት በረሃብ ነው፤ ረሃቡን ሊያይ የመጣው እንግዳ ሁሉ ግን ምሳ ሲደርስ ይርበዋል። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ እውነት ስለሆነ ግን ልተወው አልችልም። ሁለቱን ትእዛዞች አንድ ላይ ሳነባቸው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምግብ ቤቱን ከመስታወት ቤቶቹ ጋር አያይዞ መሥራት። ሰው የሚበላው ነገር ሲያድግ እያየ ይበላል፣ ችግኙም ለገበሬው መውጣቱን ይቀጥላል፣ ሸሁም አፈራቸው ላይ ይቆያሉ። ሊቀመንበሩ በስልክ ሰምተው «ፕላኑን አምጣና እናየዋለን፤ ካላሳመንከን ብረቱ ይወርዳል» አሉ።

የመጀመሪያውን ፕላን የሳልኩት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በገዛሁት መጽሐፍ ነው። የጻፈው የበረዶ አገር ሰው ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ያምሩ ነበር። ምግብ ቤቱን ከመስታወት ቤቶቹ በታች፣ መንገዱ ዳር፣ ቀጥ ያለ ረጅም ግንብ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከመንገድ ይታያል፣ ፊቱም ላይ የመሪዎቹ ምስል ይሰቀልበታል። ወስጄ ለሸሁ ችግኝ በሚያፈሉበት ሣጥን ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ቤቱ የቱ ነው?»

«ይሄ፤ ከታች በኩል።»

«ብርዱስ በየት ሊወጣ ነው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ነገ በጠዋት ና። ጫማህን ደህና አርገህ እሰር» አሉኝ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ አንድ ጎረቤት ማሳ ወሰዱኝ። ማሳውን ከታች በኩል አንድ የድንጋይ ካብ ያግደዋል። ሸሁ ከላይ በኩል እርጥብ ጭድ ለኮሱ። ጢሱ ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ ተኛ። በቁርጭምጭሚት ከፍታ እየተሳበ ቁልቁል ወረደ፣ ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ እዚያው ተጠራቅሞ እንደ ኩሬ ሞላ። ጢሱ የተኛበትን ቦታ አየሁት፤ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ከካቡ ወዲያ ያለው ሣር አረንጓዴ ነው።

«አየህ አይደል? ብርድ እግር አለው። ሌሊቱን ከጦሳ ሲወርድ ያድራል። መንገድ ከሰጠኸው ያልፋል፣ ካገድከው ቁጭ ይላል። አንተ ደግሞ ከመስታወቴ ሥር ግድብ ልትሠራለት ነው።»

«መጽሐፉ ግን…»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጦሳን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«በል እንግዲያ ስለ አገሩ ይጻፍ።»

«ከመጽሐፍ ሰው ይበልጣል» የሚሉ ሰዎችን አልወዳቸውም፤ አብዛኛዎቹ መጽሐፉን ያላነበቡት ናቸው። ያን ቀን ግን ቢሮዬ ገብቼ ፕላኑን ቀደድኩት፤ መጽሐፉን ደግሞ ለሥዕሎቹ ስል አስቀመጥኩት።

በሁለተኛው ፕላን ምግብ ቤቱ ከመስታወት ቤቶቹ በላይ ወጣ። የላይኛውን ግንብ እንደ ቅንድብ አጎበጥኩት። ቅንድብ ላብን ከዓይን እንደሚያርቅ ሁሉ ግንቡም ከተራራው የሚወርደውን ብርድ ግራና ቀኝ ከፍሎ ያሳልፋል። ቤቱን በገበሬዎቹ እርከን መስመር አስኬድኩት፤ እርከኑ ባለበት ደረጃና መቀመጫ ሆነ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ወደ ጉድጓድ ገብቶ መደቦቹን ያጠጣል። ከመብል አዳራሹ የተቀመጠ ሰው ከመስታወቶቹ ጣሪያ በላይ ከተማውን በሙሉ ያያል። ወደ አዳራሹ የሚያስገባው መንገድ በመስታወት ቤቶቹ ውስጥ ብቻ ነው፤ በግራው ወይም በቀኙ። እንግዳው በቲማቲም መካከል ሳያልፍ ወንበር አያገኝም።

ከባዱ ነገር ማዕድ ቤቱ ነበር። ከላይ የወረደው መመሪያ አንድ ማዕድ ቤት ይላል፤ ሕዝቡ አንድ ስለሆነ። እኔ አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ። በቤታችን ፍቅሩም፣ ጣሪያውም፣ ልቅሶውም አንድ ነው፤ የሥጋ ድስቱ ግን ሁለት ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ያርሳሉ፣ ይጋባሉ፣ አብረው ለመቀበርም ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ማንም በዚህ አይቀየምም። ስለዚህ አንድ ማዕድ ቤት ያለው ምግብ ቤት ማለት የከተማው እኩሌታ ደጅ የሚቆምበት ቤት ማለት ነው። ይህን በደሴ ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስብሰባ ላይ ግን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ በግንቡ ግራ ጫፍ አንድ፣ በቀኝ ጫፍ አንድ፣ ሁለት ማዕድ ቤት ሳልኩ። ምድጃዎቹ የሚደገፉት ከመስታወት ቤቶቹ ጋር በሚጋሩት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ላይ ነው። ቀን ሲነድድ የዋለው እሳት ግድግዳውን ያሞቃል፣ ግድግዳው ሌሊቱን ችግኙን ያሞቃል። ሰበብ ነበር። አንዱ ምድጃ ለሁለቱም ቤት ይበቃል ብዬ በልቤ አምን ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ያስፈልጋል ብዬ ጻፍኩ።

ፕላኑን ጠቅልዬ ከሸሁ ጋር በቢሮው መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ሊቀመንበሩ ፕላኑን ከዚህም ከዚያም አዩት።

«ለምን ጠመመ?»

«ተራራው ስለጠመመ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሁለት ማዕድ ቤት አያለሁ።»

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለቲማቲሙ።»

ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ሁሉ ወረቀታቸውን ማየት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ከእንግዲህ ማዕዱን በሃይማኖት አይከፍልም። ይሄ ያለፈ አስተሳሰብ ነው።»

ሸሁ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ደሴ በነበሩ ጊዜ በልጄ ሰርግ ተገኝተው ነበር፤ ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ። ደግ ሰርግ ነበር።»

«ለክርስቲያን እንግዶቻችን ያቺን ሙክት ከጎረቤት ክርስቲያን ጠርተን ነበር ያሳረድናት። እርስዎም ሁለቴ ነው የተጨመረልዎት። ያለፈ አስተሳሰብ መሆኑን ያኔ ነግረውን ቢሆን ኖሮ በአንድ ሙክት በተገላገልን።»

አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለመለወጥ ሞከረና አልሆነለትም፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም መጨረሻ ላይ ሳቁ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቦታቸው ነው እንጂ። ሲበርድላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሚጻፈው የቲማቲሙ ነው። እሺ፣ ይሠራ። በመጪው ብርድ እኔ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። በሁለቱም ቤት ችግኙ ከውርጭ ከዳነ መስታወቱ ይቆያል። አንደኛው እንኳ ከተመታ ሁለቱም ይወርዳሉ።»

ስንመለስ ሐረጎ ጫፍ ላይ ስንደርስ ሸሁ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። ማንን እንደሚያጽናኑ አላወቅሁም።

ግንቡ በአንድ በጋ ቆመ፤ በመስከረም ተከፈተ። ብዙ ሕንፃ ነድፌያለሁ፣ ሰው ሲገባበት ቆሜ ያየሁት ግን ያንን ብቻ ነው። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ ለገበያ የመጣው ገበሬ በግራና በቀኝ በር እየገባ፣ ባንዱ ቲማቲም ላይ እየተደገፈ ሸሁን እያስቆጣ፣ አዳራሹ ላይ ይገናኛል። ጠረጴዛው አንድ ነው። ከመሐል ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው የጋራ ሆኖ ይቀመጣል። ሥጋው ከሁለቱ ጫፎች ይመጣል። አንዱ አሳላፊ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። የራሱ ችግኝ ቆስጣ ሆኖ የቀረበለት ገበሬ «ይሄ የኔ ነው እንዴ?» ብሎ ሰሃኑን ወደ ብርሃን ሲያነሳው አይቻለሁ።

የግራውን ማዕድ ቤት የሚመሩት አንዲት ክርስቲያን ሴት ነበሩ፤ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ቀድሞ የራሳቸው ምግብ ቤት ነበራቸው። ምላሳቸው እንደ ወጣቸው ቃሪያ የበዛበት ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከኮምቦልቻ ማዶ ወዳለችው ደጋን ከተማ ለሥራ ሄድኩ። መጋዘን ልስል ነው፤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሸሁ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ሰላምታም አልሰጡኝም። እጄን ይዘው ወደ ቀኙ ቤት አስገቡና መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ገና ከምጣድ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ከዚያ ወደ ግራው ወሰዱኝ። የመቃብር ድንጋይ ነው። በዳር በኩል ያሉት የቲማቲም ቅጠሎች ጫፋቸው ጠቁሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ጾም ሆኖ ነዋ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር አጋማሽ ነው፤ ደሴ ላይ አመዳይ የሚወርደውም ያኔ ነው። ጾም ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ይቀራል። የጾም ወጥ ደግሞ የሚታረድ ነገር ስለሌለው ማንም ቢሠራው ማንም ይበላዋል። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ማገዶ ለመቆጠብ ብሎ የግራውን እሳት አጥፍቶ ሁሉንም በቀኙ ማዕድ ቤት እንዲሠራ አዟል። ኃላፊው ትክክል ነው፤ እኔ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር። የፀሐይዋን አካሄድ፣ የብርዱን መንገድ፣ የድንጋዩን ውፍረት ሁሉ አስልቻለሁ። ሁለት ሃይማኖት ባለበት ቤት አድጌ የረሳሁት የቀን መቁጠሪያውን ነው።

«ሊቀመንበሩ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ነገ ጧት» አሉ ሸሁ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ሰማዩን እየው፤ ደመና የለውም። ዛሬ ይወርዳል።»

ወደ ቀኙ ማዕድ ቤት ሄድኩ። እትዬ በሰው ማዕድ ቤት ጥግ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ የተናደዱት ከሽንኩርቱ በላይ ነው።

«እትዬ፣ የግራው ምድጃ ዛሬ መንደድ አለበት። ጾሙ ግን…»

«ጾሙ ምን?» ቢላዋውን አስቀመጡ። «ጾሙ ከሥጋ ነው። እሳትን ፍስክ ያደረገው ማነው?»

ኃላፊው ከበሩ ላይ «እትዬ፣ ማገዶው…» ብሎ ጀመረ።

«ማገዶውን በጀርባዬ አመጣዋለሁ፣ አንተ ብቻ ከመንገዴ ዞር በል። ቤቴ ቀዝቅዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ እንደ እንግዳ አስቀምጠኸኝ ስታበቃ።»

የቀኙ ማዕድ ቤት ሠራተኞች ሳይጠየቁ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ የባቄላውን ክክ፣ ጎመኑን እየተሸከሙ በአዳራሹ በኩል ወደ ግራው ማሻገር ጀመሩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግራው ምድጃ ነደደ። እትዬ ያላቸውን ትልልቅ ድስት ሁሉ ጣዱ፤ ለሠርግ የሚበቃ የጾም ወጥ። ሸሁ ከግድግዳው ማዶ ሆነው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ደረሰ?» ይላሉ እትዬ ከዚህ ማዶ።

«ገና።»

«አሁንስ?»

«ቆይ… ሞቅ አለ። ወላሂ ሞቅ አለ!»

«እንግዲህ ዝም በሉና ይብሰልበት፣ ሸሁ፤ ምስር ነው የምሠራው ቲማቲም አይደለም።»

ሊነጋጋ ሲል ከቤቴ ወጥቼ ወደ ላይ ሄድኩ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን ያለ አመዳይ አላየሁም። ተዳፋቱ በሙሉ ነጭ ነው። ከምግብ ቤቱ በላይ ግን ነጩ በግንቡ ጉብታ ላይ ደርሶ ለሁለት ተከፍሏል። በግራም በቀኝም እየፈሰሰ ወርዶ ከመስታወቶቹ በታች እንደገና ይገናኛል። በመካከሉ አረንጓዴ ደሴት ቀርቷል። በወረቀት ላይ ያሰመርኩት መስመር በሣር ላይ ተጽፎ ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ ጮኼ ነበር።

ሸሁ የግራው ቤት ውስጥ ተንበርክከው ቅጠሉን አንድ በአንድ እየነኩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይሄዳሉ። እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ አላናገርኳቸውም። ከዚያ ተነሡና ጉልበታቸውን አራገፉ።

«አልሐምዱሊላህ። አዲስ የተመታ የለም።»

«የጠቆሩትን እንቁረጣቸው?»

«ለምን? ሊቀመንበሩ ዕውር ነው? ይያቸው።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። የግራው መስታወት ቤት ሲገቡ መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፈነ። አወለቁት፤ ካፖርቱንም አወለቁ። መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው የጠቆሩት ቅጠሎች ላይ ነው።

«ይሄስ?»

የማስረዳት ሥራ የእኔ ነበር፤ ግን ሸሁ ቀደሙኝ።

«ይሄ የተመታው ባለፈው ሳምንት ነው። የዚህን ቤት እሳት አጥፍተነው ነበር፤ የቀኙ ብቻ ነበር የሚነደው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኮስነው። ዛሬ ደጁን አይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅጠል አልሞተም።»

ሊቀመንበሩ ወደ ቀኙ ቤት ተሻግረው አዩ፤ አንድም የጠቆረ የለም። ተመልሰው መጡና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ሁለቱም ማዕድ ቤት የግድ ነው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለቲማቲሙ።»

«ለቲማቲሙ» አልኩ። ኮምቦልቻ ላይ የዋሸሁት ውሸት ሳላውቀው እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ያሰብኩበት ነገር ነው፤ ለዛሬ ግን ይብቃኝ።

አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። የቀኙ አሳላፊ ጥብስ ይዞ ብቅ ሲል ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «የጾም የሆነ ነገር ይኖራል?» አሉኝ።

የዓለምን የመደብ ትግል በሦስት ሰዓት የሚያስረዱ ሰው ናቸው። ዓይኔን ከዓይናቸው ሳላገናኝ ወደ ግራው ጫፍ ምልክት ሰጠሁ። እትዬ ራሳቸው ይዘው መጡ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የባቄላው ክክ፤ መሐሉ ላይ ከፊት ለፊቱ ቤት የተቆረጠ ቲማቲምና ቃሪያ።

«ይብሉ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ እትዬ። «ይሄ ማሞቂያ ነው። ወጥ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም፣ ሸሁ ግን ሳቁ። ለሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ተጨመረላቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው፣ ከቦርሳቸው ወረቀቱን አውጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ በቀረው ሽሮ እንዳይነካ ወደ ጥግ አድርገው ፈረሙ። «መስታወቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ሁለቱም ምድጃ በብርድ ወራት ሳይጠፋ ይንደድ» ይላል። ወደ ሸሁ ገፉት። «እንኳን ደስ አልዎት።»

ሸሁ ወረቀቱን አነሡ፣ አገላብጠው አዩ፣ አጣጥፈው ከኪሳቸው ጨመሩት። ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ፊታቸው ግን ወደ መስኮቱ ነው። ፀሐይዋ ከምሥራቁ ተራራ ወጥታ የመስታወቱን ጣሪያ መትታዋለች፤ ከውስጥ ጤዛው መንጠባጠብ ጀምሯል።

«አሁን ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉና ተነሡ። «ሙቀቱ ይበዛባቸዋል፤ ሄጄ መስኮቶቹን ልክፈት።»